ሕፃን በጉንፋን ሆስፒታል ሲተኛ፦ የሰሜን ሸዋ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ

ነርስ ነኝ። የምሠራው ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ነው። ክረምቱ ሲገባ፣ ኋላም ውርጩ ሲጀምር፣ አልጋዎቻችን በሚያስሉ ሕፃናት ይሞላሉ። ከደብረ ብርሃን፣ ከአንኮበር፣ ከመንዝ፣ ከታርማ በር ማዶ ከሸዋ ሮቢት ሳይቀር ይመጣሉ። እናቶችና አያቶች የሚጠይቁኝ ጥያቄ ከዓመት ዓመት ያው ነው። ሌሊት ላይ ሕፃኑ ትንፋሽ አጥሮት ሳለ በረጅሙ ለማስረዳት ጊዜ የለም። ስለዚህ ረጋ ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

«ጉንፋን ብቻ ነው» ብለን ነበር። እንዴት ለመተኛት አበቃው?

እናንተ ላይ ሦስት ቀን ንፍጥ ሆኖ የሚያልፈው ቫይረስ የሦስት ወር ሕፃን ላይ ሌላ መልክ አለው። የሕፃን የአየር ቱቦ ጠባብ ነው። ወደ ሳንባ ጫፍ ሲወርድማ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ቫይረሱ የዚያን ቱቦ ግድግዳ ያሳብጣል። አክታ ይሞላዋል። ያቺ ትንሽ እብጠት በትልቅ ሰው ቱቦ ውስጥ ምንም አይደለችም። በሕፃኑ ውስጥ ግን መንገዱን ትዘጋለች። አየሩ እንደምንም ይገባል፤ ለመውጣት ግን ይቸገራል። ደረቱ ውስጥ ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ከዚህ ይመጣል። ሐኪሞች ብሮንኪዮላይተስ ይሉታል። የሚይዘው ከሁለት ዓመት በታች ያሉትን ነው። ይበልጥ የሚከፋው ደግሞ ገና ግማሽ ዓመት ባልሞላቸው ላይ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ መነሻው አር ኤስ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይህ ቫይረስ ያልነካው ልጅ የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ እቤታቸው ሆነው ይድናሉ። ጥቂቶቹ ግን እኛ ጋ ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በመላው ዓለም ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 3.6 ሚሊዮን ያህሉ በዚህ ቫይረስ ምክንያት ሆስፒታል እንደተኙ፣ ከ100 ሺህ በላይ የሚሆኑት እንደሞቱ ተገምቷል። ከሞቱት ከመቶ 97 የሚሆኑት የእኛን በመሰሉ፣ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ያሉ ናቸው። ይህን ቁጥር ሳነብ የማስበው ስለ ቫይረሱ ክፋት አይደለም። ኦክስጅን ቶሎ ስላላገኙት ሕፃናት ነው።

ሌሎችም አሉ። ኢንፍሉዌንዛ አለ። ራይኖ ቫይረስና አዴኖ ቫይረስ አሉ። ፓራኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ጉሮሮውን አሳብጦ ልጁን እንደ ውሻ ጩኸት ባለ ድምፅ ያስለዋል። ያ ሳል ሌሊት ላይ ይብሳል፤ ወላጅንም በጣም ያስደነግጣል።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በብሮንኪዮላይተስ ሕመሙ የሚጠነክረው በመጀመሪያው ቀን አይደለም። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ነው። «ትናንት ደህና ነበር እኮ» የምትሉኝ ለዚህ ነው። እውነታችሁን ነው፤ ትናንት ደህና ነበር።

ብርድ ነው የመታው? ወይስ ምች ነው?

ብርድ ብቻውን የሳንባ በሽታ አያመጣም። ቫይረሱ ከሌላ ሰው መምጣት አለበት። ብርዱ የሚያደርገው እኛን አንድ ቤት ውስጥ መሰብሰብ ነው። መስኮት ይዘጋል። ሁሉም እሳት ዳር ይጠጋል። አንዱ ያስላል፣ ሌላው ይተነፍሰዋል። በሞቃታማ አገሮች አር ኤስ ቪ ብዙ ጊዜ ከዝናብ ወቅት ጋር የሚመጣውም በአንድ በኩል ለዚህ ነው።

ስለ ምች ግን ትንሽ ልቆይ፤ ስሙ ብዙ ሰው አሳስቷል። ሐኪሞች ኒሞኒያ የሚሉት የሳንባ በሽታ በእኛ ቋንቋ «የሳንባ ምች» ይባላል። ምች ሲባል ደግሞ ሁላችንም ቶሎ ትዝ የሚለን ዳማከሴ ነው። ፀሐይ ላይ ቆይቶ፣ ወይም ላብ ላይ ሆኖ ነፋስ ሲመታው የሚመጣው ያ ምች። እናት «ምች ነው» ስትባል ቅጠሉን ጨምቃ፣ አሽታ፣ አጥና ሁለት ቀን ትጠብቃለች። የሳንባ ምች ግን ከዚያኛው ምች ጋር ስሙ እንጂ ነገሩ አይገናኝም። ሳንባው ውስጥ ያሉት የአየር ከረጢቶች በፈሳሽና በመግል ይሞላሉ ማለት ነው። ሁለት ቀን አይጠብቅም።

ቤታችን የታመመ ሰው የለም። ከማን ያዘው?

አንድ ጊዜ አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። የ45 ቀን ወንድ ልጅ ነው። ክርስትና ከተነሣ አምስተኛ ቀኑ ነበር። «ልጄ፣ እኛ ቤት ማንም አልታመመም» አሉኝ። ይህን እያሉ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። አልፈረድኩባቸውም። ትልቅ ሰው ንፍጥን በሽታ ብሎ አይቆጥረውም። እሳቸውም አልዋሹኝም።

በዚህ ሥራ ስቆይ ያየሁት ይህንን ነው። ሕፃኑን የሚያስይዘው ብዙውን ጊዜ የሚወደው ሰው ነው። ከትምህርት ቤት ገብቶ ወንድሙን የሚስም ታላቅ ልጅ ነው። አራስ ለመጠየቅ ከገጠር ድረስ ገንፎ እህሉን ይዛ የመጣች አክስት ናት። ጡት የምታጠባ እናት ራሷ ናት። ቫይረሱ በሳልና በማስነጠስ ይወጣል። በእጅም ይሄዳል። አፍንጫውን በእጁ የጠረገ ሰው የሕፃኑን ጉንጭ ቢዳብስ ይበቃል። እንደ አልጋ ብረት ባለ ጠንካራ ነገር ላይ አር ኤስ ቪ ለሰዓታት ይቆያል።

ከተጋለጠ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ቀን ይፈጃል። የዚያ ሕፃን ክርስትናና ሕመም የተገናኙት እንዲህ ነው። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። አር ኤስ ቪ ክፉ የሚሆነውም በዚሁ ዕድሜ ላይ ነው። ክርስትናውን ተዉ አልልም፤ እንዴት ብዬ! ድግሱም ይደገስ። ሕፃኑ ግን ከእጅ ወደ እጅ አይዙር። ከእናቱ፣ ከአባቱና ከክርስትና እናት ወይም አባቱ እቅፍ አይውጣ። ዘመድ ሊመርቀው ሲመጣ እግሩን ይሳም፤ ፊቱንና እጁን አይሳም። እጁን እኮ መልሶ ወደ አፉ ይከተዋል።

ጉንፋን የያዛት እናትስ? ማጥባቷን አታቁም። ወተቷ ለሕፃኑ መከላከያም ጭምር ነው። እጇን በሳሙና ትታጠብ፣ አፍና አፍንጫዋን በማስክ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ትሸፍን፣ ታጥባ።

መቼ ነው ይዘነው መሮጥ ያለብን?

ትንፋሹን ቁጠሩ። ከትኩሳቱ በላይ ትንፋሹ ይናገራል።

መጀመሪያ ግለጡት። የእኛ አገር ብርድ አይቀለድበትም፤ አውቃለሁ። ሕፃናቱ በጋቢ፣ በላዩ በመንዝ ባና ተጠቅልለው ነው የሚመጡት። አንዳንዴ አፍንጫቸው ብቻ ይታያል። እናት ደረቱን ሳታይ ሦስት ቀን ልታሳልፍ ትችላለች። እሳት ባለበት ሞቅ ያለ ቦታ ሆናችሁ ልብሱን እስከ እምብርቱ ክፈቱት። እንዳያለቅስ፣ እየጠባም እንዳይሆን። ቢተኛ ይመረጣል። በስልካችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይዛችሁ ሆዱ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል ቁጠሩ።

ከ2 ወር በታች ከሆነ 60ና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ከ2 ወር እስከ 11 ወር ላለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት ላለው 40ና ከዚያ በላይ። እየቆጠራችሁ የጎድን አጥንቱን ሥር እዩ። አየር ሲያስገባ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ቁጥሩን ሳትጨርሱ የሚያስነሡ ምልክቶችም አሉ። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የሰጡትን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ዝልፍልፍ ካለና አልነቃ ካለ፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከጠቆረ፣ በየትንፋሹ ካቃሰተ፣ ሳያለቅስ ጉሮሮው የሚያንኳርፍ ድምፅ ካወጣ፣ ነገን አትጠብቁ። ገና ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ደግሞ ሳያስልም ትንፋሹ ለሰከንዶች ቀጥ ሊል ይችላል። ይህ አንዳንዴ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ያለ ቀኑ የተወለደ፣ የልብ ችግር ያለበት ወይም በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ካላችሁ ከሌላው ቀደም ብላችሁ ተነሡ።

መንገዱ ረጅም ነው። ከመንዝ ቀበሌዎች አስፋልት ለመድረስ ብቻ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ የሄደበት ያውቃል። ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይቅደም። የመጀመሪያ መድኃኒት እዚያ ይሰጠዋል፤ የሪፈር ወረቀትም ይጻፍላችኋል። የጤና መድን ደብተራችሁን አትርሱ። የክትባት ካርዱንም።

ኦክስጅን አደረጉበት። አለቀለት ማለት ነው?

አይደለም። ከሁሉም በላይ የምፈራው ጥያቄ ይህ ነው። አንዳንድ ቤተሰብ ቱቦውን ሲያይ ለቅሶ ይጀምራል። ደጋግመው «ንቀሉልንና እቤቱ ይሙት» ያሉኝ አሉ። ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ዱሮ ኦክስጅን እንደ ልብ ስለማይገኝ የሚሰጠው በጣም ለደከመ ሰው ነበር። ሰው ያየው ኦክስጅን የተደረገለት ሲሞት ነው። ኦክስጅኑ ግን አልገደለውም። ዘግይቶ ነው የመጣው።

ለሕፃን ኦክስጅን መድኃኒት ነው። ቫይረሱን አይገድልም። ሕፃኑ ራሱ ቫይረሱን እስኪያሸንፍ ጊዜ ይሰጠዋል። ለብዙዎቹ ሁለት ሦስት ቀን ይበቃል። ከዚያ ቀስ በቀስ ይቀነሳል፤ ይነቀላል።

እዚህ ላይ አገራችን የራሱ ነገር አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ስለዚህ ደህና የሆነ ልጅም ቢሆን ደጋ ላይ የደሙ የኦክስጅን መጠን ከቆላው ልጅ ትንሽ ዝቅ ይላል። ጣቱ ላይ የምናደርጋት ቀይ መብራት ያላት መሣሪያ የምትለካው ያንን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ90 በመቶ በታች ሲሆን ኦክስጅን ይሰጣል። ከ2,500 ሜትር በላይ ባሉ ቦታዎች መነሻው ወደ 87 ዝቅ ሊደረግ ይችላል። ነርሷ «88 ነው፣ እንጠብቅ» ስትል ልጃችሁን ቸል ብላ አይደለም። ልጁን በሙሉ እያየችው ነው።

የሸዋ ሮቢት ነገር ደግሞ በተቃራኒው ነው። ከተማዋ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር የተጻፈለት ሕፃን ታርማ በርን ሲሻገር ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ታች ሆኖ እንደምንም የቻለው ልጅ ዳገቱ ላይ ሊከፋበት ይችላል። ስለዚህ አምቡላንሱ ከመነሣቱ በፊት ኦክስጅን መኖሩን ጠይቁ። ለመጠየቅ አትፈሩ። መብታችሁ ነው።

ሌላ ትንሽ ነገር። ጣቱ ከቀዘቀዘ ወይም እንሶስላ ከተቀባ መሣሪያዋ በትክክል ላታነብ ትችላለች። እግሩን አሙቁልን።

ለምን ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ አትሰጡትም?

አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን ነው የሚገድለው። ቫይረስ ላይ አይሠራም። በ7 የአፍሪካና የእስያ አገሮች በተካሄደ ትልቅ ጥናት በከባድ የሳንባ ምች ከተኙ ሕፃናት ከመቶ 60 በላይ የሚሆኑት መነሻቸው ቫይረስ ሆኖ ተገኝቷል። አር ኤስ ቪ ብቻውን ከመቶ 31ዱን ይዟል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

ታዲያ ለምን አንዳንዱ ይሰጠዋል? ምክንያቱም አልጋው አጠገብ ቆሞ ቫይረስን ከባክቴሪያ መለየት ሁልጊዜ አይቻልም። ሁለቱ አብረው የሚመጡበትም ጊዜ አለ። ልጁ በጣም ከታመመ ሐኪሙ አደጋውን አይወስድም፤ መርፌውን ይጀምራል። ግልጽ ብሮንኪዮላይተስ ከሆነ ግን መርፌው አይጠቅመውም። አፍንጫውን ማጽዳት፣ ኦክስጅን፣ መመገብ፣ መከታተል፦ ሕክምናው ይህ ነው። «ምንም አላደረጉለትም» ይባላል። ሌሊቱን ሙሉ አፍንጫውን እየጠረገች፣ ትንፋሹን እየቆጠረች ያደረች ነርስ ግን ብዙ አድርጋለች።

ከመድኃኒት ቤት ራሳችሁ አሞክሳሲሊን ገዝታችሁ ግማሹን ሰጥታችሁ ግማሹን አታስቀምጡ። ለእህቱም አታካፍሉ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ይለምደዋል። በእውነት የሚያስፈልግበት ቀን ሲመጣ አይሠራላችሁም። የሳል ሽሮፕም ለትንንሾቹ አይረባም። አስፕሪን ለልጅ በፍጹም አትስጡ። ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ይበቃል። ልኩን ከጤና ባለሙያው ጠይቁ።

መጥባት አቃተው። በአፍንጫው ቱቦ ካላደረግን አሉን። ይጎዳዋል?

ሕፃን በአፍንጫው ነው የሚተነፍሰው። አፍንጫው ከተደፈነና ትንፋሹ ከፈጠነ መጥባትና መተንፈስ አብረው አይሄዱለትም። ሲሞክር ወተቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቱቦዋ ቀጭን ናት። የእናቱን ወተት በኩባያ አልበን በእሷ በኩል ወደ ሆዱ እናደርስለታለን። ሲሻለው ትወጣለች።

መጥባት የሚችል ከሆነ ደግሞ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ አጥቡት። ከመጥባቱ በፊት አፍንጫውን በጨው ውኃ ጠብታ እናጸዳለን። ዳይፐሩን ወይም ጨርቁን እዩ። ከወትሮው ግማሽ ያህል ብቻ ከጠባ ወይም ሽንት ከቀነሰ ንገሩን።

በሌላ ሕመም አስተኝተነው እዚሁ ጉንፋን ያዘው። እንዴት ይሆናል?

ይሆናል። በጣም የሚያሳዝነኝም ይህ ነው። በተቅማጥ ወይም በምግብ እጥረት የገባ ልጅ፣ ሊድን ሲል፣ በሳምንቱ ማሳል ይጀምራል። የሆስፒታሉ ክፍል ጠባብ ነው። አልጋው ይቀራረባል። አስታማሚው ብዙ ነው። ትንንሽ ሕፃናትና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ልጆች ደግሞ አር ኤስ ቪን እስከ አራት ሳምንት ሊያስተላልፉ ይችላሉ፤ ጤነኛው ከ3 እስከ 8 ቀን።

ስለ ራሴ ልናገር። ሥራ በጀመርኩበት አንድ ቦታ፣ አንድ ክረምት፣ ጉንፋን ይዞኝ ገባሁ። ሰው አልነበረም፤ ተረኛዋ እኔ ነኝ። ማስክ ያደረግሁት ከእኩለ ቀን በኋላ ነው። በዚያው ሳምንት ሦስት ሕፃናት ማሳል ጀመሩ። አንደኛዋ ልትወጣ ሁለት ቀን የቀራት ነበረች። ሌላ አሥር ቀን ቆየች። ከእኔ ይሁን ከሌላ ሰው፣ ማንም አያውቅም። እኔ ግን እስከ ዛሬ እናትየዋን አስታውሳታለሁ። «ምን በደልኩ?» ነበር ያለችው። የበደለችው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ስሄድ እጄን ሳልታጠብ አልሄድም። እናንተም እንደዚያው። እጃችሁን በሳሙና ወይም በአልኮል ሳታጸዱ የሌላ ሰው ልጅ አታንሡ፤ ሲያለቅስ አሳዝኗችሁም ቢሆን። እናቱን ወይም እኛን ጥሩ። ኩባያ፣ ማንኪያ፣ መጫወቻ አትዋዋሱ። ነርስም ሐኪምም ሳይታጠብ ልጃችሁን ሊነካ ሲል «እጅዎን ታጥበዋል?» በሉ። የሚቆጣ ካለ ይቆጣ። የሚያስሉትን አንድ ላይ፣ ሌሎቹን ለብቻ ስናደርግም አድልዎ አይምሰላችሁ። አልጋ ለመቀየር ስትጠየቁ እሺ በሉን።

ጠያቂ ለምን ትከለክላላችሁ? እኛ አገር እኮ የታመመ አለመጠየቅ ነውር ነው።

ነውር መሆኑን አውቃለሁ። የኔም እናት እንደዚያው ናት። ግን ስምንት ሰው በአንድ ሕፃን አልጋ ዙሪያ ሲቆም ከስምንቱ አንዱ ጉንፋን አያጣም። አጠገቡ ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ አለ። ምግቡን በር ላይ ስጡ። በስልክ ጠይቁ። እናትየዋን አውጥታችሁ ግቢ ውስጥ ቡና አጠጧት፤ እሷም ሰው ያስፈልጋታል። ትንንሽ ልጆችን ይዛችሁ አትምጡ። እሱ ላይ ድርድር የለኝም።

እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ አሉን። ቅቤና ማርስ?

እንጥል አታስቆርጡ። ሳሉ ከእንጥል አይመጣም። የተቆረጠ ሕፃን ይደማል፣ ይመረቅዛል፣ ቴታነስ ሊይዘው ይችላል። መተንፈስ የተቸገረ ልጅ ላይ በዚህ ላይ ደም መፍሰስ ሲጨመርበት አይቻለሁ። ግግ ማውጣትም እንደዚሁ ነው።

ለጋ ቅቤ ማዋጥ ብዙ ቤት አለ። ለፍቅር ነው፤ «ሆዱን ያለሰልስለት» ብለው ነው። ነገር ግን ቅባት በትክክል ካልተዋጠ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ሳንባም ሊያወጣው አይችልም። በአፍንጫው ቅቤ ማንጠባጠብ ከሁሉም ይብሳል። እስከ ስድስት ወሩ ከእናቱ ጡት ሌላ ምንም አይቅመስ።

ማር ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ አይሰጥም። የሕፃኑን ጡንቻ የሚያዝል መርዝ የሚያመነጭ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። ዓመት ካለፈው በኋላ ግን ለብ ባለ ውኃ ትንሽ ማር ለሳሉ ጥሩ ነው። ከሽሮፑ እሱን እመርጣለሁ። ዳማከሴውን ለትልልቆቹ ተዉት፤ ጭማቂውን በሕፃን አፍንጫና አፍ አታድርጉ። የፈላ ውኃ እንፋሎትም አታጥኑት። በእንፋሎት ውኃ የተቃጠለ ልጅ ማየት አልፈልግም።

ጠበል ብንወስደውስ?

እምነታችሁን የሚነካ ቃል ከእኔ አትሰሙም። እኔም የጠበል ልጅ ነኝ። ልመናዬ አንድ ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አይግባ። መጀመሪያ ወደ ሕክምና ይምጣ። ጸሎቱ እዚህም ይደርሳል፤ አልጋው ሥር ስንት መዝሙረ ዳዊት አይቻለሁ።

ብርድ እንዳይመታው ብለን እስካሁን ከቤት አላወጣነውም። ጥሩ አላደረግንም?

ፀሐይ ያስፈልገዋል። በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት አለ። በሳንባ ምች ታመው የተኙትን ካልታመሙት ጋር አነጻጸረ። ሪኬትስ፣ ማለትም የአጥንት መለስለስ ያለባቸው ልጆች በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው 13 እጥፍ ያህል ከፍ ብሎ ተገኘ። ሪኬትስ የሚመጣው በአብዛኛው ከቫይታሚን ዲ እጥረት ነው። ቫይታሚን ዲ ደግሞ ቆዳችን ከፀሐይ የሚሠራው ነው። የለሰለሰ የጎድን አጥንት ሳንባን በደንብ መክፈት አይችልም። ትንሽ ጉንፋን ሲጨመርበት ልጁ ይወድቃል።

የእኛን ደጋ አስቡት። ብርድ አለ፣ ዓይን እንዳይበላው ይፈራል፣ ባናው ወፍራም ነው። ሕፃኑ ወራት ሙሉ ጨለማ ጓዳ ውስጥ ይቀመጣል። ውርጩ ሲለቅ፣ ረፋድ ላይ፣ ነፋስ በማይነካው ጥግ እጁንና እግሩን ገልጣችሁ ለጥቂት ደቂቃ አሙቁት። በመስታወት ውስጥ የሚገባ ፀሐይ ለዚህ አይረዳም።

ጭስስ?

ይጎዳል። የኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ጠባቡን ቱቦ ይበልጥ ያቆስለዋል። እናት እንጀራ ስትጋግር ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ባይሆን ጥሩ ነው። ሌላ የሚይዘው ሰው ከሌለ በሩ ይከፈት። ዕጣኑም ከእሱ ራቅ ይበል።

ክትባት የለውም?

ለአር ኤስ ቪ አሁን አለ። ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ነፍሰ ጡሯ ትከተባለች፤ መከላከያው ወደ ልጇ ያልፋል። ሁለተኛው ለሕፃኑ ራሱ የሚሰጥ የመከላከያ መርፌ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ አገሮች ከሁለቱ በአንዱ እንዲጠቀሙ መክሯል። በእኛ መደበኛ የክትባት ፕሮግራም ውስጥ ገና አልገቡም። እንዲገቡ ከልቤ እመኛለሁ።

በእጃችን ያለውን ግን አናባክን። በሳንባ ምች ባክቴሪያ ላይ የሚሰጠው ክትባት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አለን። ከአምስቱ በሽታ ክትባት ጋር በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። ቫይረሱ መንገድ ሲከፍት ተከትሎ የሚገባውን ባክቴሪያ ያግዳል። ኩፍኝም ሳንባ ይጎዳል፤ ክትባቱ በ9 ወርና በ15 ወር ነው። ቀኑ ካለፋችሁም ሂዱ። ማንም አይመልሳችሁም።

ከወጣ ሁለት ሳምንት ሆነው። ሳሉ ግን አልለቀቀውም።

ከጠባ፣ ከተጫወተ፣ ትንፋሹ ካልፈጠነ አትደንግጡ። የተጎዳው የቱቦ ግድግዳ እስኪጠገግ ጊዜ ይወስዳል። ሳሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። ሁለት ሳምንት ካለፈ ግን አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ አሳዩት። በተለይ ክብደት ካልጨመረ፣ ወይም ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚያስል ትልቅ ሰው ካለ፣ የሳንባ ነቀርሳ መሆን አለመሆኑ መታየት አለበት። እንደገና ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ወይም መጥባት ካቃተው፣ «ገና አሁን ነው የወጣው፣ ምን ይሉናል» ብላችሁ አታመንቱ። ማታም ቢሆን ይዛችሁት ኑ። ስትመጡ ባናውን ከፊቱ ላይ ገለጥ አድርጉት፤ መንገድ ላይም ትንፋሹን እያያችሁ ኑ።